የፍሪሲዮን ለውጥ በግቢያችን

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከዚህ መድረክ ላይ ስለ ትምህርት፣ ስለ ዕድገትና ስለ ሀገር ጉዳይ የተደረጉ ብዙ ንግግሮችን ሰምተናል። ዛሬ እኛ ይዘን የቀረብነው ርእስ ግን ግራሶ የነካው ነው። ይኸውም የመኪና ፍሪሲዮን ወደ ጋራዥ ሳይሄዱ በቤት ግቢ ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ «ይህማ የመካኒክ ጉዳይ እንጂ የተማሪ ጉዳይ አይደለም» ያሉ ጓደኞች መኖራቸውን ሰምተናል። ሙሉ መልሳችንን እስከ ንግግራችን መጨረሻ ድረስ በትዕግሥት እንዲጠብቁን እንለምናለን። ለአሁኑ ይህን ብቻ እንበል፤ ሥራው ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዐቅም በላይ አይደለም፤ ከክብሩም በታች አይደለም።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። በመጽሐፍ ክላች ተብሎ የምናነበውን ዕቃ የጋራዥ ሰዎች ፍሪሲዮን ይሉታል። የማርሹ ሣጥን ካምቢዮ፣ የብሎን መፍቻው ኪያቬ፣ ጠመንጃ መሰሉ ሳይሆን ተራው የቪት መፍቻ ካቻቢቴ፣ መኪና ማንሻው ክሪክ፣ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘው ኩሽኔታ ነው። እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ከካሚዮኑና ከጋራዡ ጋር ተስፋፍተው ጠላት ከወጣም በኋላ በሠራተኛው አፍ ቀርተዋል። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ዕቃውን በእንግሊዝኛ ስሙ እናውቀዋለን፤ በእጁ የሚፈታው ሰው ግን በኢጣልያንኛ ስሙ ያውቀዋል። ስለዚህ ስለ አንድ ዕቃ እየተናገርን ሳንግባባ የምንቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገሩ የስም ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ነገር ግን ከስሙ በስተጀርባ ሌላ ርቀት አለ፤ ያነበበው ሰውና የሠራው ሰው ሳይተዋወቁ መኖራቸው ነው። በዛሬው ንግግራችን የጋራዡን ቃል የምንጠቀመውም ስለዚሁ ነው።

ለመሆኑ ፍሪሲዮን ምን ይሠራል? ሞተር አንድ ጊዜ ከተነሣ መዞሩን አያቆምም፤ መኪናዋ ግን መቆምም መሄድም አለባት። እንግዲህ በሚዞረው ሞተርና በቆመው መንኰራኵር መካከል የሚያገናኝና የሚለያይ አንድ ነገር ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርጉት ሦስት ዋና ክፍሎች ናቸው። አንደኛው በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የተቈለፈው ከባድ የብረት መንኰራኵር፣ ማለት ቮላኖው ነው። ሁለተኛው በሁለቱም ገጹ ሸራ የተለበጠው ስስ ዲስክ ሲሆን፣ ይህ ዲስክ ጥርስ ባለው ቀዳዳው በካምቢዮው ዘንግ ላይ ይሰካል። ሦስተኛው ዲስኩን በሞላ ኀይል ወደ ቮላኖው የሚጫነው መጫኛ ነው። በሁለት መዳፍ መካከል አጥብቀን የያዝነውን ደብተር እናስብ። መዳፎቻችን ቮላኖውና መጫኛው ናቸው፤ ደብተሩ ዲስኩ ነው። መዳፎቹ ሲዞሩ ደብተሩም ይዞራል። ፔዳሉን ስንረግጥ ካቦው ይሳባል፤ መግፊያው ኩሽኔታም ሞላውን ተጭኖ መጫኛውን ከዲስኩ ያላቅቀዋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ለብቻው ይዞራል። ፔዳሉን ቀስ ብለን ስንለቅ ሸራው ጥቂት እየተንሸራተተ ይያያዛል። እያንዳንዱ መንሸራተት ከሸራው ጥቂት ይበላል። ስለዚህ ፍሪሲዮን እንደ ጫማ ሶል ነው፤ የሚያልቀው ጥፋት ስለ ተፈጸመበት ሳይሆን ሥራው መበላት ስለ ሆነ ነው። እግሩን ከፔዳሉ ላይ የማያነሣ ሹፌር ግን ዕድሜውን በጣም ያሳጥረዋል።

ለምሳሌ የምንወስዳት መኪና ሁላችንም የምናውቃት፣ በተለምዶ ቮልስ የምንላት አሮጌዋ ቮልስዋገን ናት። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ግን ዛሬም ስትሄድ እናያታለን። ለጀማሪ የምትመቸው ስለ ምን ነው? ሞተሯ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ የሚፈስ ውኃም የሚፈታ ራዲያተርም የለም። ሞተሯን ከካምቢዮዋ ጋር የሚያያይዙት አራት ማሰሪያዎች ብቻ ናቸው፤ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት። እነርሱ ከተፈቱ ሞተሩ ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፍሪሲዮኑም ፊት ለፊት ይታያል። የሚኒባስ ታክሲው ወይም የአሮጌዋ ላዳ ሥራ ከዚህ ይለያል፤ በእነርሱ ሞተሩ በቦታው ሆኖ ትራንስሚሲዮኑና ካምቢዮው ናቸው የሚወርዱት። የሥራው ሐሳብ ግን አንድ ነው።

አንዳንዱ ሰው «በዚህ ዘመን ስለ ፍሪሲዮን ማውራት ምን ይጠቅማል?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ያለ ፍሪሲዮን ፔዳል ይመጣሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም አያስፈልጋቸውም። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ተቃራኒው ነው እንላለን። አዲስ የማይገባ ከሆነ ያለው ይጠበቃል። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የማይችለው ቤተ ሰብ ዛሬ በእጁ ያለችውን አሮጌ መኪና ገና ለብዙ ዓመታት ይነዳል። ስለዚህ የጥገና ዕውቀት ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

እኛ ሥራውን የተማርነው በአንድ ጓደኛችን አባት መኪና ነው። ጡረተኛ ናቸው፤ ቮልሷ ደግሞ የቤቱ እግር ናት። ልጅ ትምህርት ቤት የምትደርሰው፣ የታመመ ሐኪም ቤት የሚሄደው በእርሷ ነው። ፍሪሲዮኑ ባለቀ ጊዜ ለእጅ ዋጋና ለዕቃ የተነገራቸው ገንዘብ ከዐቅማቸው በላይ ስለ ሆነ መኪናዋ ከሁለት ወር በላይ በግቢው ቆመች። ልጃቸው ከእኛ ጋር ሆኖ እንለውጠው ባለ ጊዜ፣ «ልጆቼ፣ መኪናዬን አውርዳችሁ በጆንያ እንዳታስረክቡኝ!» ብለው ነበር። «አይዞዎት አባባ፣ እያንዳንዱን ብሎን እንጽፈዋለን» አልናቸው። ደብተር የያዘ መካኒክ አይተው ስለማያውቁ ሳቁ። ዳሩ ግን በዚያ ቀን ከሁሉ የበለጠው መሣሪያችን ደብተሩ ነበር።

ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ መፍታት አይደለም፤ መመርመር ነው። መኪናዋ እንደ እንጦጦ ያለ ዳገት ስትወጣ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቷ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ማለት ነው። ለማረጋገጥ መኪናዋን በሜዳ ላይ አቁሞ፣ ከፊቷ ሰው እንዳይቆም አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ማርሹን ሦስተኛ ላይ አስገብቶ ነዳጅ ጥቂት እየሰጡ ፔዳሉን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ደኅና ፍሪሲዮን ሞተሩን ያጠፋዋል። ያለቀ ፍሪሲዮን ግን ሞተሩን መዞሩን እንዲቀጥል ይተወዋል። ሙከራው አንድ ጊዜ ይበቃል፤ መደጋገም ሸራውን ማቃጠል ነው። ማርሽ ሲገባ የሚንቋቋ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም ማለት ነው። ይህም ካቦው ሲረዝም ወይም ክሩ መበጣጠስ ሲጀምር ይመጣል።

ስለዚህ ሞተር ከማውረድ በፊት ምንም ገንዘብ የማይጠይቀውን ምርመራ እናድርግ። ፔዳሉን በእጃችን ስንጫነው ከመጠንከሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል በነጻ መሄድ አለበት። ይህ ነጻ ጉዞ ከጠፋ መግፊያው ኩሽኔታ ዘወትር መጫኛውን ስለሚነካ ደኅናው ሸራ ይንሸራተታል። ነጻ ጉዞው ከበዛ ደግሞ ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም። የሚስተካከለው ከካምቢዮው በስተ ግራ በካቦው ጫፍ ላይ ባለው ክንፍ ባለው ዳዶ ነው። በዚህች ዳዶ መዞር ብቻ የሚድን መኪና ሞተሩ ወርዶ ቢገኝ የሚያሳዝን ነው። ዳዶው ተስተካክሎም መንሸራተቱ ካልቀረ ያን ጊዜ ሞተሩ ይወርዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር የገባ ሰው ሕይወቱን ለአንዲት የዘይት ጐማ አደራ ሰጠ ማለት ነው። ጐማዋ ካፈሰሰች መኪናው ይወርዳል። ድንጋይና ጡብም አይታመኑም፤ ጡብ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የሚያስፈልገው ደልዳላ መሬት፣ ከፊት ጎማዎች በፊትና በኋላ ሽብልቅ፣ ከኋላው አግድም ቱቦ ሥር በግራና በቀኝ ሁለት ጠንካራ የብረት መቆሚያ ነው። መቆሚያዎቹ ከገቡ በኋላ ማንም ሰው ሥር ከመግባቱ በፊት መኪናዋን በእጅ ወዝወዝ አድርጎ ማየት ይገባል። ከዚህም ሌላ ከኋላ መቀመጫው ሥር ያለው ባትሪ መጀመሪያ መፈታት አለበት። የቤንዚን ቱቦም ስለሚፈታ በአካባቢው ሲጋራ፣ የከሰል ምድጃም ሆነ የቡና ማፍያ እሳት አይኑር። እናቶቻችን ለሠራተኛ ቡና ማፍላት ይወዳሉና ቡናው በሌላው የግቢ ጫፍ ይፈላ።

ሦስተኛው ዝግጅት ጊዜና ሰው ነው። የቮልስ ሞተር ወደ 110 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ሰው ብቻውን የሚታገለው ነገር አይደለም። ገበሬው አባታችን አጨዳ ሲደርስበት ደቦ ይጠራል፤ እኛም ደቦ እንጥራ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሥር፣ አንዱ በክሪኩ ላይ፣ አንዱም በደብተሩ ላይ ይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም? ለጀማሪዎች ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ያስፈልጋል። ልምድ ያለው ሰው በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል፤ እኛ ግን ልምድ ካለው ሰው ጋር አንሽቀዳደም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አሁን መፍታት እንጀምር። የአየር ማጣሪያው ይነሣ። ወደ ሞተሩ የሚመጡት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች፣ ማለት የዲናሞው፣ የቦቢናው፣ የዘይት ግፊት አመልካቹና የካርቡራተሩ፣ አንድ በአንድ ይፈቱ። እያንዳንዱ ሽቦ ሲፈታ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይታሠርበት፤ ቁጥሩም በደብተሩ ላይ ይመዝገብ። የነዳጅ መስጫው ካቦ ከካርቡራተሩ ይለያይ። ከሞተሩ በስተኋላ ያለው ላሜራ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ከሥር ገብቶ የማሞቂያውን ካቦዎችና ቱቦዎች መፍታት፣ የቤንዚኑንም ቱቦ ቆንጥጦ መድፈን ነው። ብሎኖቹን በየቆርቆሮው እየለያዩ ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው። አንድ ላይ ተደፍተው ያደሩ ብሎኖች በማግሥቱ ሁሉም አንድ ይመስላሉ።

አራቱ ማሰሪያዎች በ17 ቁጥር ኪያቬ ይፈታሉ። የታችኞቹ ሁለቱ ቀላል ናቸው። የላይኞቹ ግን ከነፋስ ማራገቢያው በስተጀርባ ስለ ተደበቁ የሚፈቱት በዐይን ሳይሆን በጣት ነው። በቀኝ በኩል ያለው የላይኛው ብሎን ሞተሪኖውንም አብሮ የያዘ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች አንዱ ሰው ከላይ ዳዶውን ሲፈታ ሌላው ከሥር የብሎኑን ራስ ይይዛል። የመጨረሻው ማሰሪያ ከመፈታቱ በፊት ክሪኩ ሳንቃ ተደርጎበት በሞተሩ ሥር መግባትና ክብደቱን መቀበል አለበት። ከዚያም ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳብ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ሞተሩ ዝቅ እንዳይል። ሞተሩ በዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ ዲስኩ ይጣመማል፤ ዘንጉም ሊጎዳ ይችላል። ዘንጉ ነጻ ከወጣ በኋላ ሞተሩ በዝግታ ይወርዳል። ከመኪናዋ ሥር እንዲወጣም የኋላዋን በየደረጃው ከፍ እያደረጉ መቆሚያዎቹን መከተል ነው።

ሞተሩ መሬት ላይ ሲቀመጥ የፍሪሲዮኑ መጫኛ በስድስት ብሎኖች በቮላኖው ላይ ታስሮ ይታያል። ሞላው የታመቀ ስለ ሆነ አንዱን ብሎን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ መጫኛውን ያጣምመዋል። እያንዳንዱን አንድ አንድ ዙር ብቻ፣ በመስቀል አምሳል እየተሻገሩ መፍታት ነው። ዲስኩ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ገጹ ወደ ቮላኖው እንደ ነበር በደብተሩ ይሳል።

በዚህ ቦታ ከሁሉ በላይ ልናስጠነቅቅ የምንወደው አቧራውን ነው። በአሮጌ ፍሪሲዮንና በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባለው ማዕድን ይጨመር ነበር። ሙቀትን ስለሚችል በዘመኑ የተመሰገነ ነበር። ነገር ግን ደቂቅ ክሩ ወደ ሳንባ ሲገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከልክሎታል። የአሮጌ መኪና ሸራ ግን መቼና የት እንደ ተሠራ በዐይን አይታወቅም። ስለዚህ አቧራውን በአፍ እፍ ማለት፣ በአየር ግፊት መንፋት፣ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ክልክል ይሁን። በውኃ በራሰ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ እርጥብ እንዳለ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ይወገድ። በየጋራዡ ይህን አቧራ ያለ አፍ መሸፈኛ ሲያራግፉ የሚውሉ ልጆች አሉ። የነገራቸው ሰው የለም። እኛ በመጽሐፍ አንብበነዋል፤ ማንበባችን ግን ለእነርሱ እስከ ዛሬ አልጠቀማቸውም።

ቀጥሎ ምርመራ ነው። ቮላኖው ለስላሳ ከሆነ ይጠረጋል፤ ጥልቅ ጭረት ወይም በሙቀት የመጣ ሰማያዊ ነጠብጣብና ስንጥቅ ካለበት ወደ ቶርኖ ቤት ይሂድ። ያ የቤት ሥራ አይደለም፤ ዐቅምን ማወቅም ዕውቀት ነው። ሸራው በዘይት ርሶ ከተገኘ አዲሱን ከመግጠም በፊት ዘይቱ ከየት እንደ መጣ መፈለግ አለበት። ከሞተሩ በኩል በቮላኖው ጀርባ ያለው የዘይት መከልከያ ጎማ፣ ወይም በካምቢዮው ዘንግ ዙሪያ ያለው ጎማ አርጅቶ ይሆናል። ይህን ሳይጠግኑ አዲስ ሸራ መግጠም ጣራው በሚያፈስ ቤት ምንጣፍ መለወጥ ነው። መግፊያው ኩሽኔታ በእጅ ሲዞር ከተንኮሻኮሸ ይለወጥ። ደኅና ከሆነም በቤንዚን አይታጠብ፤ ከውስጡ ያለው ግራሶ ታጥቦ ይወጣልና። ሞተር በወረደበት ጊዜ ዲስኩን፣ መጫኛውንና ኩሽኔታውን ሦስቱንም አብሮ መለወጥ ይመረጣል።

ዕቃ ለመግዛት መርካቶ ስንሄድ አሮጌውን ይዘን እንሂድ። የቮልስ ፍሪሲዮን ሁሉ አንድ ልክ አይደለም፤ 180 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውም አለ፣ 200 ሚሊ ሜትር ያለውም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ የመግፊያው ኩሽኔታ ዐይነት ስለ ተለወጠ ለእርሱ የሚስማማው መጫኛም ከቀድሞው ይለያል። ሻጩ «ያው ነው» ቢለንም ጎን ለጎን አስቀምጠን በማስመሪያ እንለካ።

አዲሱን ስንገጥም ሸራውን በቅባት እጅ አንንካ። ዲስኩ በቮላኖውና በመጫኛው መካከል ሲገባ በትክክል መሐል ለመሐል መሆን አለበት። አለበለዚያ በመጨረሻ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ይሸጣል። ያላገኘ ሰው ግን የዲስኩን ቀዳዳና በቮላኖው መሐል ያለውን ትንሽ ቀዳዳ ልክ አድርጎ እንጨት ይቅረጽ። እኛ የተጠቀምነው ከመጥረጊያ እጀታ በቢላዋ የተቀረጸ እንጨት ነበር፤ ሥራውንም ደኅና አድርጎ ሠራ። ስድስቱ ብሎኖች እንደ ተፈቱት ሁሉ በመስቀል አምሳል፣ ጥቂት በጥቂት ይጠበቁ። የሚያስፈልጋቸው ጥብቀት 25 ኒውተን ሜትር ነው። ይህም ማለት በአንድ ሜትር ኪያቬ ጫፍ ላይ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል መጫን ነው። በአጭር ኪያቬ በሙሉ ጉልበት ማጥበቅ ብሎኑን ይቆርጠዋል፤ ማላላትም የባሰ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሞተሩን መመለስ ትዕግሥት የሚፈተንበት ክፍል ነው። ሞተሩ በክሪክ ከፍ ብሎ ከካምቢዮው ጋር በአንድ መስመር ይደረጋል። ካምቢዮው ማርሽ ውስጥ ይሁን። ከዚያ አንዱ ሰው ሞተሩን በፑሌጃው በኩል ጥቂት ጥቂት ሲያዞር ሌሎቹ ቀስ ብለው ወደ ፊት ይገፋሉ። የዘንጉ ጥርስ የዲስኩን ጥርስ ሲያገኝ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ሸርተት ብሎ ይገባል። ካልገባ መስመሩ ተጣሟል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል እንጂ በብሎን ስቦ ማስገደድ አይገባም። ሲገጥም አራቱ ማሰሪያዎች በ30 ኒውተን ሜትር ይጠበቁ። ሽቦዎቹ በቁጥራቸው ይመለሱ። ባትሪው ከመታሠሩ በፊት የቤንዚኑ ቱቦ አለመንጠባጠቡ ይታይ። በመጨረሻ የፔዳሉ ነጻ ጉዞ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ክንፍ ያለው ዳዶ ይስተካከል። አዲሱ ሸራ ከቮላኖው ጋር እስኪላመድ ድረስም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ይነዳ።

እንግዲህ «ይህ የተማሪ ጉዳይ ነውን?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። በሀገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን መናቅ የቆየ በሽታ ነው። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን በአዋጅ መከልከላቸው ይታወቃል። አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባውም በእርሳቸው ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። መኪናው ከመቶ ዓመት በላይ ተራብቶ ከተማውን ሞላው፤ ንቀቱ ግን እንደ መኪናው ቶሎ አላረጀም። ዛሬ ቀጥቃጭ ብሎ የሚሳደብ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ልጁ ከጋራዥ ቢገባ የሚያፍር ወላጅ፣ እጁ ግራሶ ከነካው ሰው ጋር በአንድ ገበታ ለመቅረብ የሚያመነታ ምሩቅ አሁንም አለ። ንቀቱ ስሙን ለወጠ እንጂ አልሞተም።

ይህ ንቀት ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። ተማሪው የሰበቃን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ሰበቃ የሚኖርበትን ሸራ ግን ነክቶ አያውቅም። የጋራዡ ልጅ ሸራውን በየቀኑ ይነካል፤ በአቧራው ውስጥ ያለውን ሞት ግን ማንም አልነገረውም። አንዱ ያለው ለሌላው የሚጎድለው ነው። የተማሪነታችን ዕዳ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። የሕዝባችንን ኑሮ እናሻሽላለን የምንል ሰዎች ሕዝባችን የሚሠራበትን ዕቃ ስሙን እንኳ ካላወቅን፣ የምናሻሽለው ምኑን ነው?

ይህን ስንል ሁሉም ሰው የገዛ መካኒኩ ይሁን፣ የጋራዡም ሰው እንጀራውን ይጣ ማለታችን አይደለም። ይልቁንም አንድ ጊዜ ፍሪሲዮን ለውጦ ያየ ሰው የመካኒክን ዋጋ ከማንም የበለጠ ያውቃል። ስለ እጅ ዋጋ ሲከራከር በዕውቀት ይከራከራል፤ ሲከፍልም በአክብሮት ይከፍላል። የሚገባውንና የማይገባውን ሥራም ለይቶ ያውቃልና በቀላሉ አይታለልም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ማኅበሩ ከአባላት መዋጮ አንድ የጋራ የመሣሪያ ሣጥን ይግዛ፤ በውስጡም ሙሉ የኪያቬ ስብስብ፣ ልክ የሚያሳይ ማጥበቂያ፣ ክሪክና ከሁሉ በፊት ሁለት ጠንካራ የብረት መቆሚያ ይኑር። ሁለተኛ፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ በአንድ አባል ግቢ የሥራ ደቦ ይደረግ፤ እኅቶቻችንም ቡና ለማፍላት ሳይሆን ኪያቬ ለመያዝ ይምጡ። ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ደቦ ላይ አንድ የጋራዥ ባለሙያ እንደ መምህር ተጋብዞ የድካም ዋጋው ይከፈለው፤ እኛም በበኩላችን ስለ አስቤስቶስ አደጋ በአማርኛ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተን በየጋራዡ እናድል። ወረቀቱን ለማባዛት ይህን ጋዜጣ የምታባዛው መኪና ትበቃለች።

የጓደኛችን አባት ቮልስ በሁለተኛው ቀን ማታ ከግቢ ወጣች። አባባም ደብተሩን ተቀብለው በመኪናዋ ሰነዶች መካከል አኖሩት፤ «የሚቀጥለው ጊዜ ያለ እናንተም ይሠራል» አሉ። ከዚህ የበለጠ የምስክር ወረቀት አልፈለግንም።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ መኪና ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜን አስታውሱ።